ትኩሳቱ ወረደ ማለት ዳንን ማለት አይደለም፦ ከድሬዳዋ ደንጊና ወባ ጀርባ ያለው የደም ኬሚስትሪ

ደንጊ የያዘውን ሰው የሚያንቀጠቅጠውና መገጣጠሚያውን የሚቆረጥመው በአብዛኛው ቫይረሱ በቀጥታ አይደለም። ወባም እንደዚያው ነው። ብርድ ብርዱ፣ ራስ ምታቱ፣ ምግብ ማስጠላቱ የሚመጣው ባመዛኙ ከራሳችን የደም ሴሎች በሚለቀቁ ኬሚካሎች ነው። ተውሳኩ ምልክት ይሰጣል። ደማችን መልስ ይሰጣል። አልጋ ላይ የሚጥለን ያ መልስ ነው።

ይህን ማወቅ ለድሬዳዋ ሰው በጣም ይጠቅማል። እዚህ ከተማ ሰው ሲያተኩሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው መድኃኒት ቤት ነው። «አቦ፣ ቁርጥማቱ ገደለኝ፤ ዲክሎ ስጠኝ» ይላል። ይሰጠዋል። ማታውን ቀለል ይለዋል፤ በማግስቱ ሥራ ይገባል። ነገር ግን ዲክሎፌናክ የዘጋው የመልሱን የመጨረሻ ጫፍ ብቻ ነው። ቫይረሱን አልነካውም፣ የወባ ተውሳኩንም አልነካውም። በሽታው ደንጊ ከሆነ ደግሞ የመድማትን አደጋ ይጨምራል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ደሙ ውስጥ ገብተን ማየት አለብን።

ከዚያ በፊት ግን ለምን ድሬዳዋ? ደንጊ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በላብራቶሪ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ ከተማ ነው። በ2019 ቺኩንጉንያ መጣ፤ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች በበሽታው ተጠርጥረው ተመዘገቡ። ያኔ አንድ ሰው ያልታመመበት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። በ2022 ደግሞ የወባ ተራ ሆነ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት 2,425 ሰዎች ወባ ተገኘባቸው። በ2019 በተመሳሳይ ወራት የተገኘባቸው 205 ብቻ ነበሩ። ያውም ወቅቱ ሌላ ጊዜ ወባ ቀዝቀዝ የሚልበት ደረቅ ወቅት ነበር።

የ2022ቱ ወረርሽኝ የተያያዘው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከሚባል ከእስያ ከመጣ የወባ ትንኝ ጋር ነው። በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነበር። የለመድናት የወባ ትንኝ ዝናብ ያቆረውን ውሃና የወንዝ ዳር ትወዳለች። ይህኛው ግን በርሜልና ሮቶ ይበቃዋል። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ኤደስ ትንኝም የምትፈለፈለው እዚያው በርሜል ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በርሜል የሌለው ቤት የለም። እንግዲህ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኖ እያለ እንኳ ግቢያችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ትኩሳት ሊፈለፈል ይችላል። ሦስቱም ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ። የሚመሳሰሉትም የደማችን መልስ ስለሚመሳሰል ነው።

ደሙ እንዴት ያውቃል?

በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺህኛ ውስጥ፣ አምስት ሚሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴሎች አሉ። ነጭ የደም ሴሎች ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ብቻ ናቸው። ከነጮቹ መካከል ደግሞ ሞኖሳይት የሚባሉት ከመቶ ከሁለት እስከ ስምንት ቢሆኑ ነው። በቁጥር እዚህ ግቡ የሚባሉ አይደሉም። የትኩሳቱ ነገር ግን በብዛት የሚጀምረው ከነሱ ነው።

ሞኖሳይት በላዩም በውስጡም ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉት። እነዚህ ተቀባዮች የሚፈልጉት የሰው አካል ራሱ የማያመርታቸውን ኬሚካሎች ነው። የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ሽፋን አለ፤ የቫይረሱን የዘር መልእክት የያዘው አርኤንኤ አለ፤ የወባ ተውሳክ የሚጥለው ቆሻሻም አለ። ከተቀባዮቹ መካከል በጣም የታወቁት ቶል መሰል ተቀባዮች ይባላሉ። ጁልስ ሆፍማን በ1996 ቶል የሚባለው ፕሮቲን ዝንብን ከሻጋታ እንደሚከላከል አሳየ። ብሩስ ቦይትለር በ1998 አይጥ ላይ የባክቴሪያን ሽፋን የሚያውቀው ተቀባይ የዚሁ የቶል ዘመድ መሆኑን አገኘ። በ2011 ሁለቱም ከራልፍ ስታይንማን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ይህን ነገር በዓይን ማየት ይቻላል ማለት ይቀላል። ላብራቶሪ ውስጥ ከጤነኛ ሰው ትንሽ ደም ይቀዳና እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይጨመርበታል። ከዚያ ከባክቴሪያ ሽፋን የተወሰደ ኬሚካል ጠብ ይደረግበታል። ቱቦው በ37 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጣል። ባክቴሪያ የለም፤ በሽታ የለም፤ አካልም የለም። ቱቦና ደም ብቻ ነው። ሆኖም የደሙ ውሃ ሲለካ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሊውኪን-1 እና ኢንተርሊውኪን-6 የሚባሉ የብግነት፣ ማለትም የመጋልና የማበጥ፣ ኬሚካሎች ሞልተውበት ይገኛሉ። ሴሎቹ የጠላትን ሽታ ብቻ አግኝተው ሙሉ መልስ ሰጡ ማለት ነው። ይህ ዘዴ ለምርምር ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። መርፌና በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ትኩሳት የሚያስነሳ ነገር እንዳይኖርበት ድሮ ጥንቸል ላይ ተወግቶ ሙቀቷ ይለካ ነበር። ዛሬ ጥንቸሏን ከተኩት መንገዶች አንዱ የሰውን ሞኖሳይት ቱቦ ውስጥ መጠየቅ ነው።

ምልክቱ ተቀባዩን ሲነካ ሴሉ ውስጥ ምን ይሆናል? ኤንኤፍ-ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን አለ። በሰላሙ ጊዜ ሌላ ፕሮቲን ይዞት እንቅስቃሴ የለውም። ምልክቱ ሲደርስ ያዡ ፕሮቲን ይፈርሳል። ያኔ ኤንኤፍ-ካፓ ቢ ወደ ሴሉ አስኳል ይገባና የብግነት ጂኖችን ያስነሳል። ሴሉም ቲኤንኤፍ ማምረት ይጀምራል። ኢንተርሊውኪን-1 ላይ ግን ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። መጀመሪያ የሚመረተው ባልተቆረጠ፣ በማይሠራ መልኩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሴሉ ሁለተኛ የአደጋ ምልክት ካላገኘ በብዛት ቆርጦ አይለቀውም። ሁለተኛው ምልክት ለምሳሌ የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ሊሆን ይችላል፤ ሪህ ያለበት ሰው አውራ ጣቱ ሌሊት የሚነድደው በዚህ መንገድ ነው። አካላችን ይህን ኬሚካል በሁለት ቁልፍ መቆለፉ አለምክንያት አይደለም። በጣም ኃይለኛ ነው።

የሁሉም ሴል አለቃቀቅ ግን አንድ አይደለም። ቤዞፊል የሚባለው ነጭ ሴል ሂስታሚን አዘጋጅቶ በከረጢት ይዞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ አለርጂ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል። ሞኖሳይት ግን እነቲኤንኤፍን፣ በጋራ ስማቸው ሳይቶካይን የሚባሉትን፣ እንደ አዲስ መሥራት አለበት፤ ጊዜ ይወስድበታል።

ስንት ጊዜ? ፈቃደኛ ሰዎች ላይ በሐኪም ክትትል የተደረጉ ጥናቶች ይህን በሰዓት ያሳያሉ። ለ60 ኪሎ ሰው አንድ ግራም ለአራት ሚሊዮን ቢከፈል አንዱን ክፍል ያህል የባክቴሪያ ሽፋን በደም ሥር ይሰጠዋል። አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ራሱን ያመዋል። በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ደሙ ውስጥ ያለው ቲኤንኤፍ ጣሪያ ይነካል። ኢንተርሊውኪን-6 ይከተላል። በሦስትና አራት ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ከዚያ ቀስ እያለ ይበርዳል፤ ምክንያቱም ሴሎቹ ራሳቸው ማረጋጊያ ኬሚካልም ይለቃሉ። ዓይን ከማይሞላ ነገር ይህን ያህል ትኩሳት ሲነሳ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ተውሳክ ደም ውስጥ ሲፈነዳ የሚሆነውን መገመት ቀላል ነው።

ወባ በየ48 ሰዓቱ

የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ተደብቆ ይራባል። እስከተደበቀ ድረስ ነጭ ሴሎቹ ብዙም አያዩትም። ሲሞላ ሴሉን አፈንድቶ ይወጣል። ከአንዱ ሴል ከ8 እስከ 32 ልጆች ይወጣሉ። ችግሩ አብሯቸው የሚወጣው ነገር ነው። ተውሳኩ ሄሞግሎቢኑን በልቶ የተረፈውን ጥቁር ክሪስታል ያደርገዋል። ይህ ክሪስታል፣ የተውሳኩ ዲኤንኤና ከሽፋኑ የተቀረፉ የስብና የስኳር ሞለኪውሎች አንድ ላይ ደም ውስጥ ይፈስሳሉ። ሞኖሳይቶቹ ያገኙታል፤ ቲኤንኤፍ ይለቃሉ። ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ይግላል፣ ከዚያ በላብ ይጠመቃል። በሁለቱ ዋና የወባ ዓይነቶች፣ በፋልሲፓረምም በቫይቫክስም፣ ይህ ዙር 48 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሴሉ በሚፈነዳበትና ትኩሳቱ በሚነሳበት ሰዓት መካከል ያለውን ዝምድና ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1880ዎቹ አስተውሎታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ተውሳኮቹ እኩል ስለማይፈነዱ ትኩሳቱ በየቀኑ ሊመላለስ ይችላል። «አንድ ቀን እያለፈ አልመጣም፤ ስለዚህ ወባ አይደለም» የሚለው ግምት የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ታዲያ ትኩሳቱን የሚያመጣው ቲኤንኤፍ ከሆነ ቲኤንኤፉን ብናስርስ? ይህ ጥያቄ በእውነተኛ በሽተኞች ላይ ተሞክሯል። ውጤቱን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። በ1990ዎቹ ጋምቢያ ውስጥ አንጎልን የሚያጠቃ ወባ የያዛቸው ሕፃናት ከወባ መድኃኒቱ ጋር ቲኤንኤፍን የሚያስር ፀረ እንግዳ አካል ተሰጣቸው። ትኩሳታቸው ቶሎ ወረደ። የሞቱት ቁጥር ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ከዳኑት መካከል የነርቭ ጉዳት የቀረባቸው በዛ። ከዚያ በፊት በ1982 የወጣ ሌላ ጥናት ዴክሳሜታዞን ሞክሮ ነበር። የኤንኤፍ-ካፓ ቢን ሥራ በሰፊው የሚያፍን መድኃኒት ነው። በሽተኞቹ ራሳቸውን ስተው የቆዩበት ጊዜ ረዘመ።

ይህ ማለት ብግነትን ማፈን ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት አይደለም። በኮቪድ ጊዜ ያው ዴክሳሜታዞን መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት በሽተኞች የሚሞቱትን በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን አልጠቀመም። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተሰጠበት ሰዓትና በሽታው ነው የተለየው። «ለማንኛውም አንድ ዴክሳ ወጋ አድርገኝ» የሚባለው ልማድ እኔን የሚያስፈራኝ ስለዚህ ነው።

ደንጊና የሚያፈሱት ደም ሥሮች

ደንጊ ከወባ የሚለየው ሞኖሳይቱን ራሱን ቤቱ ማድረጉ ነው። ቫይረሱ እዚያ ገብቶ ይራባል። የተያዙት ሴሎች ደግሞ ኤንኤስ-1 የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃሉ። በ2015 የወጡ ጥናቶች ይህ ፕሮቲን ብቻውን፣ ያለ ቫይረሱ፣ ምን እንደሚሠራ አሳይተዋል። የባክቴሪያ ሽፋንን የሚያውቀውን ያንኑ ቶል መሰል ተቀባይ ይነካል። የሰው የደም ሴሎች ቲኤንኤፍና ኢንተርሊውኪን-6 ይለቃሉ። የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሴሎችም እርስ በርስ የተያያዙበት ይላላል። ጤና ተቋም ስትሄዱ ደንጊ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመረመረው ይህንኑ ኤንኤስ-1 በመፈለግ ነው። መመርመሪያው የሚፈልገው ፕሮቲን የሚያሳምመን ፕሮቲን ነው።

የላላው የደም ሥር አይፈነዳም፤ እንደ አዲስ እንስራ ላብ ላብ ይለዋል እንጂ። የደሙ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ሽፋን ይወጣል። የቀረው ደም ይወፍራል፤ ግፊቱ ይወርዳል። አስቸጋሪው ነገር ይህ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ከበሽታው ሦስተኛ እስከ ሰባተኛ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ልክ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው የሚጀምረው። ቤተሰብ «ተመስገን፣ በረደለት» በሚልበት ሰዓት ማለት ነው። ብዙው ሰው ይህን ጊዜ በሰላም ያልፈዋል። ለአንዳንዱ ግን የሚቀጥሉት ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ወሳኝ ናቸው።

ከዚህ በፊት ደንጊ ይዞት የነበረ ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ቫይረሱ አራት ዓይነት ነው። በአንዱ የተያዘ ለዚያኛው መከላከያ ያገኛል። ሌላኛው ዓይነት ሲመጣ ግን የድሮው ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱን ሳይገድለው ይይዘዋል። ሞኖሳይት ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል የያዘውን ነገር መዋጥ ሥራው ነው። እናም ቫይረሱን ወደ ቤቱ ራሱ ያስገባዋል። ብዙ ሴል ይያዛል፤ ብዙ ሳይቶካይን ይለቀቃል። ከ2013 ጀምሮ ደንጊ በተመላለሰበት ከተማ «እኔን አንዴ ይዞኛል፣ ከንግዲህ አያሳስበኝም» ማለት የተገላቢጦሽ ነው።

ዲክሎው የት ላይ ይገባል?

ሳይቶካይኖቹ ወደ አንጎል መልእክት ሲያደርሱ ፕሮስታግላንዲን ኢ-2 የሚባል ኬሚካል ይመረታል። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል በዚህ ምክንያት የሙቀት ልኩን ከፍ ያደርጋል። ቆዳችን እየጋለ ብርድ የሚሰማን አካላችን ገና አዲሱ ልክ ላይ ስላልደረሰ ነው። በድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ያየ ነገሩ ይገባዋል። ቁርጥማቱንም የሚያብሰው ፕሮስታግላንዲን ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የሚሠሩት የዚህን ኬሚካል ማምረቻ ኢንዛይም በማገድ ነው። ይህን በ1971 ያሳየው እንግሊዛዊው ጆን ቬን ነው፤ በ1982 የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል።

እዚህ ላይ ፕሌትሌት ይመጣል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል ነው። እሱም ለሥራው ያንኑ ኢንዛይም ይፈልጋል። አስፕሪን ኢንዛይሙን ለዘለቄታው ያበላሸዋል። ፕሌትሌት አስኳል ስለሌለው አዲስ መሥራት አይችልም፤ የቀረውን ዕድሜውን፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደተሰናከለ ይኖራል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚያግዱት ለጊዜው ነው፤ ግን ጨጓራንም ይልጣሉ። አሁን ደንጊን ጨምሩበት። በጤናችን በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ የነበረው ፕሌትሌት በደንጊ ከ100 ሺህ በታች ሊወርድ ይችላል። ጥቂት የቀሩት ደግሞ በመድኃኒት ይሰናከላሉ። የደም ሥሩም ልል ሆኗል። ለዚህ ነው ደንጊ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ እነዚህ ማስታገሻዎች መሰጠት የለባቸውም የሚባለው። ቺኩንጉንያ መሆኑ ከታወቀና ደንጊ ከተገለለ ነገሩ ይለያል። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ለሚቆየው የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሐኪም ሊያዛቸው ይችላል።

እስከዚያው ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል አለ። ፕሌትሌትን ያን ያህል አይነካም። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ማለፍ የለበትም። ደንጊ ጉበትንም ስለሚያውክ ከዚያ ዝቅ ቢል ይመረጣል። ፈሳሽ ደግሞ በብዛት፤ ኦአርኤስ፣ ጭማቂ፣ አጥሚት።

መድኃኒት ቤቶቻችንን መውቀስ ቀላል ነው። ግን ባለሙያው ሁለት ነገር ቢጠይቅ ብዙ ይለወጣል፦ ትኩሳቱ ስንተኛ ቀኑ ነው? የወባ ምርመራ ተደርጓል? ጤና ተቋማቱ ላይም የማይዋጥልኝ ነገር አለ። የወባ ምርመራው ወባ የለም ሲል ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው ውጤት «ታይፎይድ ነው» የሚል ነው፤ በዊዳል ምርመራ። ዊዳል የሚለካው ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ ድሮ ያለፈ በሽታና ሌላ ኢንፌክሽን ያሳስተዋል። በሽተኛው አንቲባዮቲክ ይዞ ቤቱ ይገባል። አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ ምንም አይሠራም። የደንጊው ወሳኝ ቀን በዚህ መሀል ያልፋል።

ትኩሳቱ ወርዶ ሳለ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ካለ፣ ማስመለሱ ካላቆመ፣ ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ፣ ሰውየው ከተዝለፈለፈ ወይም ሽንቱ ካነሰ ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የደም ሴሎችን የሚቆጥረው የተለመደው ሲቢሲ ምርመራ ብዙ ይናገራል፤ ፕሌትሌት እየወረደ የደሙ ውፍረት፣ ማለትም ሄማቶክሪቱ እየወጣ ከሆነ ደም ሥሩ እያፈሰሰ ነው። ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ምርመራ አይደለም። ዛሬ 140 ሺህ የነበረ ፕሌትሌት በነገው ወይም በከነገወዲያው ምርመራ 60 ሺህ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በተለይ ትኩሳቱ የወረደበት ቀን ሲቢሲ መቅረት የለበትም።